ስንት ልጅ መጣ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ተሠራለት ብላችሁም ጠይቁን

ለ፦ የአዲስ አበባን የጤና ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ልጆቻቸውን ፊዚዮ ለሚያመላልሱ ወላጆች፤ ለሙያ ባልደረቦቼ
ጉዳዩ፦ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚሰጠው የተሐድሶ ሕክምና በታቀደው መሠረት መሰጠቱ እንዲለካ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መስመር ላይ በሚገኝ አንድ ተቋም የምሠራ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የተቋሙን ስም አልጠቅስም። ነገሩ የአንድ ቤት ችግር ስላልሆነ አንዱን ነጥሎ ማማት ይሆንብኛል።

ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት እንልካለን። ስንት ልጅ መጣ? ስንቱ አዲስ ነው፣ ስንቱ ተመላላሽ? ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት? እንሞላለን፣ ይደመራል፣ ይሄዳል። ቁጥሩ ካለፈው ወር ከበለጠ ሁላችንም ደስ ይለናል። ልጁ ክፍላችን ከገባ በኋላ ምን እንደተደረገለት የሚጠይቅ ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም።

መዝገቡን ገልጣችሁ ብታዩት ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። ትልቁ፣ ባለ ጠንካራ ሽፋኑ መዝገብ ነው። በማስመሪያ ተሰምሯል። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ምርመራ፣ የተሰጠ ሕክምና። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ፊዚዮ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ እስከ ገጹ ግርጌ ሁለት ሁለት ጭረት ብቻ ነው፤ «እንደ ላይኛው» ማለት ነው። አንገቷን መያዝ ያቃታት የስምንት ወር ሕፃንና እርሳስ መጨበጥ የሚቸግረው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሕክምና ነው ያገኙት።

መለካት አንችልም እንዳይባል፣ በደንብ እንችላለን። የትኛውም ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የክትባት መዝገቡን እዩ። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የኩፍኝ ደግሞ በ9 ወር። የመጀመሪያውን ፔንታ ወስዶ ሦስተኛው ላይ የቀረ ልጅ ተለይቶ ይታወቃል፤ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይፈለጋል። ክትባቱ ሙቀት አግኝቶት እንደሆነም ብልቃጡ ላይ የተለጠፈችው ምልክት ቀለሟን ቀይራ ትናገራለች። ቲቢም እንደዚሁ ነው። ሕመምተኛው ባለሙያ እያየው መድኃኒቱን ይውጣል፣ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። «የቲቢ ሕክምና ተሰጠ» ብሎ ጽፎ መዝገብ የሚዘጋ ሰው የለም።

በኛው ዘርፍም ቢሆን ምሳሌ አለ። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በፖንሴቲ ዘዴ ሲታከም ሁሉም ነገር ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። ጄሶው በየሳምንቱ ይቀየራል። እግሩ ከተቃና በኋላ ልዩ ጫማው ለሦስት ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አራት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ማታ ማታ። እግሩ ተመልሶ ከተቆለመመ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጫማውን ስንት ሰዓት አደረገ?» ብሎ ነው። ዘዴውን ከመጠርጠሩ በፊት ዘዴው በትክክል መሰጠቱን ያጣራል።

ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ላለበት ልጅ ግን «ፊዚዮ» ብለን እናልፋለን። ኦቲዝም ላለበትም ልጅ፣ ንግግር ለዘገየበትም ልጅ ያው ነው።

ምን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ የቀኝ እጁና እግሩ ይገትርበታል። ከሌላ ተቋም ያገኘችው ወረቀት በእጇ ነበር። ልጁ ለሁለት ዓመት ያህል ፊዚዮ እንደተሰጠውና «ለውጥ እንደሌለው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ አልሰጧትም።

«እንግዲህ ተስፋ የለውም ማለታቸው ነው፣ ሲስተር?» አለችኝ።

ምን ሲሠሩለት እንደቆዩ ጠየቅኋት።

«ያው እጁንና እግሩን ያሹታል፣ ይስቡታል። ከዚያ ትልቁ ኳስ ላይ ያስቀምጡታል። እኔ ውጭ ነው የምጠብቀው።»

«እሱ ራሱ በቀኝ እጁ የሚሠራው ነገርስ?»

ትንሽ አሰበችና «እሱማ ምን ይሠራል? እነሱ ናቸው የሚሠሩለት እንጂ» አለች።

እንግዲህ ያ ወረቀት ሕክምናው ለዚህ ልጅ አልሠራም ይላል። የትኛው ሕክምና? ለእንዲህ ዓይነቱ እጅ እንደሚበጅ የሚታወቀው ሕክምና ጭራሽ አልተጀመረም። ያልተሰጠ ነገር ነው አልሠራም የተባለው። በዚያ ማስረጃ ደግሞ ልጁ ላይ ተፈረደበት። ይህ ወረቀት በየቤቱ ስንት እንዳለ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ምክንያቱም የሚቆጥር የለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው። አንድ ልጅ ሳይሻለው ሲቀር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሕክምናው ለሱ አይሆንም፤ ወይ ሕክምናው አልደረሰውም። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። እኛ ግን ሁለቱን የምንለይበት መንገድ የለንም።

ስለ ማሸትና መሳብ ትንሽ ልበል፤ ባልደረቦቼ ብትቀየሙኝም። በአውስትራሊያ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ ለሴሬብራል ፓልሲ በሚሰጡ ሕክምናዎች ላይ ያለውን ማስረጃ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቀጥሎም በ2020 አውጥተዋል። ሕክምናዎቹን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እያሉ ለይተዋቸዋል። ለእንቅስቃሴና ለእጅ ሥራ አረንጓዴ ካገኙት መሀል ብዙዎቹ ልጁ ራሱ የሚሠራባቸው ናቸው። ልጁና ቤተሰቡ ግብ ይመርጣሉ። ያንኑ ግብ በእውነተኛው ዕቃ፣ ከተቻለም በእውነተኛው ቦታ፣ ደጋግሞ ይለማመዳል። ባለሙያ በእጁ የሚያደርገው መሳብ ለብቻው ያን ያህል ፋይዳ እንደሌለውም አሳይተዋል። ልጅ ማንኪያ መያዝ የሚማረው ማንኪያ ይዞ ነው።

ማሸቱ ለምን እንደማይቀር ግን ይገባኛል። ወላጁ ወጌሻ የለመደ ነው። እጅ ካላረፈበት «ዛሬ ምንም አልሠሩለትም» ይላል። ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ለማውለቅ ሲታገል ታግሰን ብንጠብቀው፣ በር ላይ የቆመችው አክስት «ባለሙያ ተብዬዋ ቁጭ ብላ ታያለች» ብላ ታማናለች። ያ ትግል ግን ሕክምናው ራሱ ነው። ይህን ለወላጅ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ ደግሞ የለንም። ስለዚህ ማሸቱ ይቀጥላል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ሌላው ጉዳይ መጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ የመረጣቸውን የእጅ ሥራዎች እንዲችል ከ14 እስከ 25 ሰዓት ልምምድ እንደሚያስፈልገው አስልቷል፤ ቤት የሚሠራው ተደምሮ። የእጁ አጠቃላይ ችሎታ እንዲሻሻል ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሰዓትና ከዚያ በላይ። ይህን ይዛችሁ ወደኛ ክፍል ኑ። ቀጠሮው 45 ደቂቃ ነው ይባላል። እናት ልጇን አዝላ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ካርድ አስወጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ ትገባለች። ሹራብ ይወልቃል፣ ጫማ ይፈታል። ልጁ ነጭ ጋወን ሲያይ ያለቅሳል፤ እሱን ማባበል አለ። ሌላ እናት በር ታንኳኳለች። ስልክ ይጮሃል። ከዚያ ትንሽ ይታሻል፤ እንግዲህ ልማድ ነው። ልጁ ራሱ እጁን የሚያሠራባት ጊዜ በሰዓት ብትያዝ ሩብ ሰዓት ብትሞላ ነው።

ቀጠሮው በየሁለት ሳምንቱ ነው እንበል። ቤት ምንም ካልተሠራ 14 ሰዓት ለመሙላት 56 ቀጠሮ ይፈጃል። ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ያውም ክረምቱ ሳያስቀር፣ ልጁ ሳያተኩሰው፣ እናትየው ቀን ሥራ ሳታገኝ። ሪፖርቱ ላይ ግን እነዚያ ሁለት ዓመታት የተትረፈረፈ አገልግሎት ናቸው። 56 ተመላላሽ!

ያውም ቤት ሳይቀየር። መሀል ከተማው ሲፈርስና ሲሠራ ብዙ ሰው ወደ ዳር ወጥቷል። ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች አሉ። የገቡበት ቤት ከለቀቁት ይሻል ይሆናል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ለኔ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ በፊት በእግሯ ትመጣ የነበረች እናት አሁን የሰባት ዓመት ልጅ አዝላ ታክሲ ቀያይራ ነው የምትመጣው። አንድ ሁለቴ ትመጣለች። ሦስተኛው ላይ ትቀራለች። መዝገቡ ላይ «ቀረች» ይባላል። ከዚህ በላይ አይጻፍም። ቅርንጫፍ ይከፈት፣ የትራንስፖርት ድጎማ ይሰጥ፣ ቀጠሮው ይራራቅና የቤቱ ሥራ ይጠንክር ብሎ ለመወሰን ያቺ አንድ ቃል ምን ትረዳለች?

እርግጥ ነው፣ ልጁን የምንለካበት መሣሪያ አለን። ግሮስ ሞተር ፋንክሽን ሜዠር የሚባለው 88 ነጥቦች አሉት፤ አጠር ያለው 66። ልጁ ይገለበጣል ወይ፣ ይቀመጣል ወይ፣ ደረጃ ይወጣል ወይ እያለ ይጠይቃል። ጥሩ መሣሪያ ነው። የሚለካው ግን ልጁን ነው። እኛ የሠራነውን አይለካም።

እኛ የሠራነውን ስለመለካት ሌላው ዓለም ቆየት ብሎ ነው ማሰብ የጀመረው፤ ብዙም አልቀደመንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ክሪስቶፈር ካሮልና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሐሳቡን መልክ አስያዙት። የተሰጠው ነገር ይዘቱ ምን ነበር? ለሚገባው ሰው ደረሰ ወይ? በምን ያህል ድግግሞሽ፣ ለምን ያህል ጊዜ? ከዚያም እንዳይደርስ ያደረገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ቲዲየር የሚባል ባለ 12 ነጥብ መመሪያ ወጣ። ተመራማሪዎች የሰጡትን ሕክምና ሲጽፉ ምን፣ በማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ እያሉ በዝርዝር እንዲገልጹ ይመክራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ሕክምናው እንደታቀደው መሰጠቱ እንዴት ሊለካ እንደታሰበና በተግባር ምን እንደተገኘ ይጠይቃሉ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሐሳቡን ነው። ቅጹ የኛ መሆን አለበት።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። ገጹ አናት ላይ የልጁ ግብ ይጻፋል፤ በእናቱ አነጋገር። «የእጅን ተግባር ማሻሻል» የሚል ግብ አልቀበልም። «ሽንት ቤት ስትገባ ሱሪዋን ራሷ እንድታወርድ» ግብ ነው። የዚያ ቀኝ እጁ የሚገትርበት ልጅ እናት የነገረችኝም ግብ ነው። ግራ እጁን መሶብ ላይ ሲሰድ አያቱ ስለሚቆጡት ለብቻው በሰሃን ነበር የሚሰጡት። «ከኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ እንዲበላ» አለችኝ። ይህን እንደሰማሁ ምን እንደምንለማመድ ገባኝ፦ በቀኝ እጅ እንጀራ መቁረስ።

ከግቡ በታች ዛሬ ልጁ ያንን ነገር ራሱ ስንት ደቂቃ እንደተለማመደ ይሞላ። የተሰጠው ነገር ቀለለው፣ ከበደው፣ ወይስ ልክ ነበር? ሲያቅተው ባለሙያዋ ታገሰችው ወይስ ቶሎ እጁን ይዛ አደረገችለት? እናቱ ክፍሉ ውስጥ ነበረች ወይስ ኮሪደር ላይ? ከመውጣቷ በፊት ቤት የምትሠራውን እዚያው ሠርታ አሳየች? ያልተሠራ ነገር ካለ ምክንያቱ ምንድን ነው? በቃ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሩበት አደራ። የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሰው የሚፈልጋትን አንድ አንድ ጥያቄ ጣል ሲያደርግ ስንት ቅጽ አራት ገጽ ሆኖ እንደሞተ አይተናል። በካይዘን ዘመን ግድግዳችን ላይ የለጠፍነው ሰንጠረዥ እስካሁን አለ፤ የሚሞላው ግን የለም።

ባልደረቦቼ አንድ ስጋት እንዳላቸው አውቃለሁ። «እንደታቀደው ይሰጥ ሲባል ከፈረንጅ መጽሐፍ ንቅንቅ አትበሉ ማለት ነው?» ይላሉ። አይደለም። ያንን ልጅ ያሠራነው ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ ደካማውን በጨዋታ በማሠራት ነው። መጽሐፉ ላይ ልዩ ጓንት አለ። እኛ የአባቱን ካልሲ አጠለቅንለት። መጽሐፉ ላይ የፕላስቲክ ብሎኮች አሉ። እኛ በቆርኪና በሽምብራ ተጫወትን። እናቱ ጠዋት እንጀራ ለደንበኛ ስለምታደርስ ሥራውን ወደ ማታ አዞርነው። ይህ ሁሉ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይመሰገናል። ሰዓቱን ከቆረጥነው ግን፣ ወይም ካልሲውን አጥልቀን ልጁን ዝም ብለን ካስቀመጥነው፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ቅጹ የሚይዘው ይህንን ነው። ካልሲ ይሁን ጓንት ጉዳዩ አይደለም።

ልጁ ዛሬ እንጀራ ይቆርሳል። ወጡን ገና ያንጠባጥባል፤ አያቱም አልፎ አልፎ ይቆጣሉ። ትሪው ላይ ግን ቀርቧል።

ከባዱ ነገር ቅጹን ማዘጋጀት አይደለም። ይሉኝታችን ነው። እናትን «ቤት ትሠሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ፣ እሠራለሁ» ነው መልሱ። ጋወን የለበሰ ሰው ፊት «አልሠራሁም» የምትል እናት በጣም ጥቂት ናት። አያስፈርድባትም። ስለዚህ መጠየቁን ትተን «እስቲ እንዴት እንደምትሠሩ አሳዪኝ» እንበል። ያን ጊዜ ብዙ ይወጣል። አንዷ ስታሳየኝ የልጇን እጅ በራሷ እጅ ይዛ እሷው ነበረች የምትሠራው፤ ልጁ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሌላዋ ልትጀምር ብላ ቆመችና «ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤቴ ውስጥ መሬት ላይ የማስቀምጥበት ቦታ የለም፤ ቤቱ አልጋው ነው» አለችኝ። ወረቀት ላይ ጽፈን የሰጠናት እንቅስቃሴ ሁሉ ወለል የሚፈልግ ነበር። አልጋ ላይና ሲታጠብ በሚሠራ ቀየርንላት። «አዎ እሠራለሁ» በሚለው መልስ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

እኛ ባለሙያዎቹም ከይሉኝታው አናመልጥም። ሱፐርቪዥን የሚመጣ ቀን ክፍሉ ያበራል። ምንጣፉ ይታጠባል፣ መጫወቻው ከካርቶን ይወጣል። በዚያን ቀን የታየው ሕክምና የዚያን ቀን ብቻ ነው። ባልደረባዬን ገምግሚ ብትሉኝም እንደዚሁ ነው፤ ምሳ አብረን እየበላን ዝቅተኛ ነጥብ አልሰጣትም። መፍትሔው እንግዳ የሚቀበሉበትን ቀን ማብዛት አይመስለኝም። በወር የተወሰኑ ቀጠሮዎች በዕጣ ይመረጡ። ወላጅ ከፈቀደች በክፍሉ ስልክ ይቀረጹ። ሁለት የሌላ ተቋም ባለሙያዎች ለየብቻቸው አይተው ገጹን ይሙሉ። ሁለቱ በሰፊው ከተለያዩ ጥፋቱ የቅጹ ነው፤ ይስተካከል። ለእናቶቹ ደግሞ ሲወጡ በራችን ላይ ሌላ ሰው፣ ተለማማጅ ተማሪም ሊሆን ይችላል፣ አጭር ጥያቄ ይጠይቃቸው። ዛሬ ልጅሽ ራሱ ምን ሠራ? ቤት ምን እንድትሠሪ ተነገረሽ? ወላጆች ሆይ፣ ይህን ለመጠየቅ ቅጹን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ጠይቁን። አንከፋም። ብንከፋም ጠይቁን።

ቪዲዮው ነገር ያስፈራል፤ ልክ ነው። የልጆች ምስል ለእርዳታ ማሰባሰቢያ እየተባለ በቲክቶክ ሲዞር እያየን ነው። የአንድ ልጅ ቀረጻ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ከወጣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ማብቃትም አለበት። ስለዚህ ቀረጻው ከተቋሙ ግቢ አይወጣም፤ የሚያዩት እዚያው መጥተው ያያሉ፣ ሲጨርሱ ይጠፋል። እናትየው «አይሆንም» ካለች ደግሞ ቀጠሮዋ አይነካም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ውጤቱን ከዓመታዊ የሥራ ምዘናችን ጋር እንዳታያይዙት። ለቢኤስሲ፣ ማለትም ለሥራ ምዘናው፣ ነጥብ ከዋለ አለቀለት። በሦስት ወር ውስጥ ሁላችንም 98 ከመቶ እናመጣለን፤ ልጆቹ ግን እዚያው ናቸው። ውጤቱ መጀመሪያ ለሠራው ክፍል ይመለስ። ከተለያዩ ተቋማት ተደምሮ ወደናንተ ሲመጣ ደግሞ የት ሥልጠና፣ የት ሰው፣ የት ታክሲ እንደጎደለ ታዩበታላችሁ። ስምንት ልጅ በአንድ ጠዋት የሚያይ ባለሙያ «ለምን 15 ደቂቃ ብቻ?» ተብሎ ቢቀጣ ግፍ ነው። ያ 15 ደቂቃ እናንተ ላይም የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ይህንንም ሳልሸሽግ ልናገር።

በጀት የለም እንደሚባል አውቃለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የሚደግፈው የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንደሆነ ይናገራል። እቀበላለሁ። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 26 ተሐድሶን ይመለከታል፣ በአንቀጽ 31 መረጃ መሰብሰብን። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ተሐድሶ በጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲጠናከር ውሳኔ አሳልፏል። ወረቀቱ ሞልቶ ተርፏል። እኔ የምጠይቀው አዲስ ሕንፃና አዲስ ማሽን አይደለም። ፎቶ ኮፒና የግማሽ ቀን ፈቃድ ነው። እንዲያውም አቅም ያነሰው ነው ይበልጥ መለካት ያለበት፤ ያቺው ጥቂት ሰዓት ማሸት ላይ እንዳታልቅ።

በዚህ ከተማ ደግሞ ከመንግሥት ቀድመው መንገድ የጀመሩ ሰዎች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ስለ ኦቲዝም የሚያወራ ሰው ብርቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች የክህሎት ሥልጠናም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል። ወላጅ ትችላለች። ባለሙያም ይችላል። የቀረን ነገር የምንሠራውን ማየት ነው።

ለመነሻ ከአራዳ፣ ከልደታና ከቂርቆስ ክፍለ ከተሞች አንድ አንድ ተቋም ይመረጥ። ለስድስት ወር ይሞከር። የቅጹን ረቂቅ እኛ እናዘጋጃለን፤ ወላጆችም ገብተውበት ያስተካክሉት። ከናንተ የምንፈልገው ባለሙያዎች በወር ግማሽ ቀን አንዳቸው የሌላውን ተቋም ሥራ እንዲያዩ የሚፈቅድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሲቻል የመጀመሪያው ልኬት ከክረምቱ በፊት ይሁን። ሐምሌ ከገባ የቀረውን ልጅ ዝናቡ ያስቀረው ይሁን ሌላ ነገር መለየት ያስቸግረናል።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
አዲስ አበባ